የመድኃኒት ብዛትና ምክንያቱ

በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒት የመውሰዱን ልማድ ከታሪክ አንጻር ለመመርመር እንሞክራለን። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልማዱ የዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት የሞተው የጶንጦስ ንጉሥ ሚትሪዳጥስ ስድስተኛ፥ ጠላቶቹ መርዝ እንዳያበሉት ይፈራ ስለ ነበር ብዙ ቅመም የተደባለቀበት ማርከሻ ይወስድ ነበር ይባላል። ከእርሱ በኋላ የሮማው ቄሣር የኔሮን ሐኪም አንድሮማኮስ በዚሁ ላይ የእፉኝት ሥጋና ሌላም ጨምሮ ቴርያክ የተባለውን መድኃኒት አዘጋጀ፤ የቅመሙም ቍጥር 60 ያህል ደረሰ። ይህ መድኃኒት ከመርዝ ማርከሻነት አልፎ ለልዩ ልዩ በሽታ እየታዘዘ ከ1,600 ዓመት በላይ ኖረ። አሳቡም ቅመሙ ከበዛ አንዱ ባይረዳ ሌላው ይረዳል የሚል ነበር። ነገር ግን ከነዚያ ሁሉ የትኛው እንደሚፈውስ፥ የትኛው እንደሚጐዳ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1745 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ቴርያክን የሚነቅፍ ጽሑፍ አሳተመ፤ ስለ ንጉሡ የሚነገረው ታሪክ የማያስተማምን፥ የቅመሙም ክምችት ሥርዓት የሌለው መሆኑን አስረዳ። በ1788 የወጣው የለንደን ሐኪሞች የመድኃኒት መጽሐፍም ቴርያክን ከዝርዝሩ አስወጣው።

ከዚህ ተነሥቶ፥ እንግዲያውስ ለአንድ በሽታ አንድ መድኃኒት ይበቃል የሚል ሰው አይጠፋም። የ20ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። በ1948 በብሪታንያ በታተመው የምርመራ ውጤት፥ ስትሬፕቶማይሲን ከተሰጣቸው 55 የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ብቻ ሲሆኑ፥ ያለዚህ መድኃኒት ተኝተው ከታከሙት 52 ግን 14 ሞቱ። ነገር ግን ደስታው አልዘለቀም፤ ጀርሙ መድኃኒቱን መቋቋም ስለ ጀመረ ከአምስት ዓመት በኋላ የሟቾቹ ቍጥር 32 እና 35 ሆኖ ተቀራረበ። መፍትሔው የተገኘው ሁለተኛ መድኃኒት በመጨመር ነው። ምክንያቱም ከብዙ ሚሊዮን ጀርሞች መካከል አንዱን መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥቂቶች አይጠፉም፤ ሁለቱን ባንድነት የሚቋቋም ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ይህንኑ ትምህርት በአገራችንም በሥጋ ደዌ ሕክምና አይተነዋል። ብዙ ዘመን ዳፕሶን ብቻውን ይሰጥ ነበር። በ1970ዎቹ ግን በአዲስ አበባ የተደረገው ምርመራ ጀርሙ ዳፕሶንን እየተቋቋመ መሄዱን ገለጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1981 ከዳፕሶን ጋር ሪፋምፒሲን፥ በሽታው ለበረታባቸውም ክሎፋዚሚን ተጨምሮ እንዲሰጥ መከረ።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት ጀምሮ ካሉት ሰዎች መካከል በሐኪም የታዘዘ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስዱት በ1999–2000 ከመቶ 8 ያህል ነበሩ፤ በ2011–12 ግን ከመቶ 15 ሆኑ። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነው ዘንድ ከ24 ወደ 39 ከመቶ ከፍ አለ። አንድ ሽማግሌ የደም ግፊት፥ የስኳርና የልብ በሽታ ካለበት ለእያንዳንዱ መድኃኒት ማስፈለጉ አያስገርምም። ነገር ግን ለደም ግፊት የተሰጠው አምሎዲፒን እግሩን ሲያሳብጠው፥ እብጠቱ እንደ አዲስ በሽታ ተቈጥሮ የሚያሸና መድኃኒት የሚታዘዝለት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው መድኃኒት የሚያክመው በሽታውን ሳይሆን የመጀመሪያውን መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ቍጥር ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይችልም። የቴርያክ ጥፋት ቅመሙ 60 መሆኑ ሳይሆን፥ ስለ እያንዳንዱ የሚሰጥ ምክንያት አለመኖሩ ነው። የሥጋ ደዌው ሦስት መድኃኒት ግን እያንዳንዱ የታወቀ ሥራ አለው። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «እያንዳንዱ ስለ ምን ተሰጠ? ምክንያቱስ ዛሬም አለ ወይ?» የሚለው ሊሆን ይገባል። ይህን ጥያቄ በየጊዜው የሚያነሣ ሐኪም ከሌለ፥ ቴርያክ ከመጽሐፉ ቢሠረዝም በበሽተኛው ቤት ተመልሶ ይዘጋጃል።