በመስተዋት ላይ የተጫረ የኅዋ ዜማ

የኅዋ ሙዚቃ ከመነሻው አንድ እንቅፋት አለበት፤ አየር በሌለበት ኅዋ ድምፅ አይተላለፍም። ነጎድጓድን ወይም የወንዝን ጩኸት በሙዚቃ ሊገልጽ የሚሻ ደራሲ ጆሮውን ለተፈጥሮ ይሰጣል። ኅዋን ለማሰማት የተነሣው ግን የሚያዳምጠው አርአያ ስለሌለው ድምፁን ራሱ መፍጠር ግድ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ ወደ ምድር የላከችው ምልክት እንኳ የራዲዮ ሞገድ እንጂ የኅዋ ድምፅ አልነበረም። ዩሪ ጋጋሪን ምድርን በዞረበት በ1961 ኤድዋርድ አርቴምየቭ «በኅዋ ውስጥ» የተሰኘውን ቅንብር ሲያዘጋጅ የተፋጠጠው ከዚሁ ችግር ጋር ነበር።

አርቴምየቭ እ.ኤ.አ. በ1937 በኖቮሲቢርስክ ተወልዶ፣ በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ የክላሲካል ሙዚቃ ድርሰት ተምሮ በ1960 የተመረቀ ከያኒ ነው። ወደ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ የሳበው መሐንዲሱ ኤቭጌኒ ሙርዚን የሠራው መሣሪያ ነበር። «ኤ.ኤን.ኤስ.» የተባለው ይህ መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከሙዚቃ ደራሲው ከአሌክሳንድር ኒኮላየቪች ስክርያቢን ስም መነሻ ፊደላት ነው። ሙርዚን ሐሳቡን ከ1930ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ሲደክምበት ኖሮ ከግብ ያደረሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር።

አሠራሩ ሊጤን ይገባዋል። ሞገዶች የተቀረጹባቸው የመስተዋት ዲስኮች በብርሃን ፊት ይሽከረከራሉ። ደራሲው ጥቁር ቅባት በተቀባ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ መስመር ይጭራል፤ በተጫረው ሥፍራ የሚያልፈው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ድምፅ ይለወጣል። ከፍ ብሎ የተጫረው መስመር ቀጭን፣ ዝቅ ያለው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ በ12 ሲከፍል ይህ መሣሪያ በ72 ይከፍለዋል፤ በ10 ኦክታቭ 720 ድምፆች መሆናቸው ነው። ስለዚህም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያለ ደረጃ የሚንሸራተት፣ መነሻውና መድረሻው የማይለይ የድምፅ ደመና መሥራት ተቻለ። ኖታ ጽፎ ለተጫዋች መስጠት ቀረ፤ ደራሲው እንደ ብራና ጸሐፊ በእጁ የጫረው ያው ራሱ ሙዚቃው ሆነ። ማሽን የሰውን እጅ ከኪነ ጥበብ ያስወጣል የሚለው የተለመደ ስጋት በዚህ መሣሪያ ፊት ኃይሉን ያጣል፤ የደራሲው እጅ ከተንቀጠቀጠ ድምፁም ይንቀጠቀጣልና። የቀረው ተጫዋቹ ነው፤ ይህም ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ትልቁ ፈተና የመጣው አንድሬይ ታርኮቭስኪ በ1972 ለሕዝብ የቀረበውን «ሶላሪስ» ሲሠራ ነው። አርቴምየቭ ኋላ እንደ ተረከው፣ ዳይሬክተሩ የፈለገው ዜማ የሚደርስለትን ሰው ሳይሆን የተፈጥሮን ድምፆች በሙዚቃ ሥርዓት የሚያቀናብርለትን ነበር። በዚህ ስለ ሩቅ ፕላኔት በሚናገር ፊልም ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው የምድር ናፍቆት ነው። የዮሐን ሴባስቲያን ባህ የኦርጋን ፕሬሉድ እየተመላለሰ ይሰማል፤ አርቴምየቭም በጥንቱ ዜማ ላይ የራሱን ድምፆች ይደርባል፤ ባህን ግን አይሸፍንም። በኮንሰርቫቶሪ የተማረ ጆሮ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ሙርዚን እ.ኤ.አ. በ1970 በማረፉ ፊልሙን ለማየት አልታደለም። አርቴምየቭ በ2022 ሲሞት መሣሪያው በሞስኮ የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ነበር።