ጭንቀትና ፈውሱ በጉራጌ ምድር

የጥያ ትክል ድንጋዮች የጥንቱን ሰው መቃብር ያመለክታሉ፤ ሕያዋኑ ጭንቀታቸውን በምን ያስታግሡ እንደ ነበር ግን አይናገሩም። በኋለኛው ዘመን በምዕራብ ጉራጌ የነበረውን ልማድ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት አቆይቶልናል። አውሬ በተባለ መንፈስ ተያዘ የሚባለው በአብዛኛው ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ወንድ ሲሆን፣ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ሆዱንም ያመዋል። ሰዎች ተሰብስበው እያዜሙ ያበሉታል፤ መንፈሱ ጠገብሁ ሲል በሽተኛው ዳነ ይባላል። ሻክም የሕመሙን ምንጭ፣ እንሰት ሞልቶ ሳለ ምግብን ከመቆጠብ ልማድና ከዚያ ከሚወለደው ጭንቀት ጋር አያይዞታል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ደግሞ በካሊፎርኒያ የሥነ ልቡና ባለሙያው ሮጀር ካላሃን፣ ውሃ የምትፈራ አንዲት ሴት ከዐይኗ በታች በጣት መታ መታ በማድረግ ፍርሃቷ እንደ ለቀቃት ገለጸ። በ1990ዎቹ ጌሪ ክሬግ ዘዴውን አቃልሎ አሠራጨው። የሁለቱም ትምህርት የተመረኮዘው በቻይና ባህላዊ ሕክምና በሰውነት ውስጥ ይመላለሳል በሚባለው የኀይል መስመር ላይ ነው። ይሁን እንጂ በ2003 የታተመ አንድ ጥናት፣ በተመረጡት ነጥቦች፣ በሌላ የሰውነት ክፍል ወይም በአሻንጉሊት ላይ መታ መታ ያደረጉት ሁሉ ፍርሃታቸው በተቀራራቢ መጠን መቀነሱን አሳየ። ዘዴው ጭንቀትን እንደሚያቀልል የሚመሰክሩ ጥናቶች ቢኖሩም፣ የኀይል መስመሩን መኖር ያረጋገጠ የለም።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ላስተዋለ ሰው፣ ፈውሱ ከነጥቡም ሆነ ከመንፈሱ ይልቅ፣ ችግረኛው ጭንቀቱን ገልጦ የሚያስብለት ሰው ከማግኘቱ የመጣ ይመስላል። ይህ እርዳታ ግን ለከባድ የአእምሮ ሕመም አይበቃም።

በ1986 የተመሠረተው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ለዚህ ጉዳይ ጥናት በር ከፈተ። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የአካባቢው ሕዝብ ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን ሲመርጥ፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን እንደሚያስቀድም አመለከቱ። ከ2011 ጀምሮ በአምስት አገሮች የተካሄደው ፕራይም የተባለው ፕሮግራም በኢትዮጵያ የመረጠው ጥያ የምትገኝበትን የሶዶን ወረዳ ነበር። ዓላማውም የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕሙማንን በቅርብ እንዲያክሙ ማድረግ ነበር።

ባለሙያው ከአውሬው ሥርዐት ሊወርሰው የሚገባው መንፈሱን ሳይሆን በሽተኛውን የከበበውን ሰው ነው። ያን ስብስብ የናቀ ሐኪም በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣበትን መንገድ ይዘጋል፤ በእርሱ ብቻ የተማመነም መድኀኒት የሚያሻውን ሕመምተኛ ያለ መድኀኒት ያስቀራል።