ስሙን ወሰድን፣ ፈረሱን ረሳን

«ባልደራስ» ሲባል የዛሬ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የፖለቲካ ፓርቲ ነው። «ቃኘው» ሲባል የኮሪያ ዘማቾች ይታወሱታል። «አባ ኮስትር» ሲባል ደግሞ የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ፊቱ ላይ ድቅን ይላሉ። ሦስቱም ቃላት የወጡት ከአንድ ቦታ፣ ከፈረስ ጋጣ ነው። ባልደራስ የቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ ማዕረግ ነበር። ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ነው፤ ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ስሙን ሰጡት። አባ ኮስትርም የፈረስ ስም ነው፤ በባለስሙ ዛሬ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ይጠራል።

ስሞቹ ሻለቃ፣ ፓርቲ፣ አየር ማረፊያ ሆኑ። ፈረሱስ የት ሄደ? በየከተማችን ጋሪ ሥር ነው። ከቢቸናና ከሞጣ በላይ ባለው የጮቄ ደጋ ደግሞ ጭነት ሥር። ብዙ ጊዜ ጀርባው ተልጧል፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ከፊቱ ሰው እጁን ሲያነሳ ጭንቅላቱን ይሸሻል። ሰው እጁን ያነሳው ሊያሻሸው ቢሆንም እንኳ ይሸሻል።

«አገር በዚህ ጭንቅ ላይ እያለች ስለ ፈረስ ታወራለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። መኪና ሲቆም እህሉን ወደ ወፍጮ፣ ጨውና ዘይቱን ወደ ቀዬው የሚያደርሰው የጋማ ከብት ነው። ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ያላት፣ በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። ስለ ፈረስ ማውራት ስለ ደሃው ቤት ማውራት ነው።

የዛሬው ነጥቤ አንድ ነው። አባቶቻችንን በፈረስ ስም ያስጠራቸው በሰውና በፈረስ መካከል የነበረው አመኔታ ነው። አመኔታውን ያመጣው ደግሞ የፈረስን የመንጋ ጠባይ ማወቅ ነበር። እኛ ስሙን ወርሰን እውቀቱን ጣልነው።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በአገራችን ወግ ስም የሚወርደው ከአባት ወደ ልጅ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ጌታው በፈረሱ ይጠራል። ያውም «አባ» ተብሎ፤ ባለቤትም አባትም በሚያሰኘው ቃል። ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው በአንድ እንስሳ አባትነት ሲጠራ አላፈረም፤ እንዲያውም በፉከራው መካከል ራሱን የሚያስተዋውቀው በዚያ ስም ነበር።

ለምን? መልሱ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» በሚለው ተረታችን ውስጥ አለ። ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ ለሰው ነው የምንናገረው፤ ስለ ፈረሱ ራሱ የሚለውን ግን ልብ አንለውም። ፈረስ ከማንም ጋር ጠብ የለውም። ቀንድ የለውም፣ የሥጋ በል ክራንቻ የለውም፤ ፈጣሪ የሰጠው መሣሪያ እግሩ ነው። ሲፈራ ይሮጣል፤ መድረሻ ሲያጣ ብቻ ይራገጣል፣ ይናከሳል። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ጦር ወደተሰበቀበት፣ ጥይት ወደሚያፏጭበት እንዴት ወሰዱት? በአለንጋ ብቻ አይሆንም። ፈረሰኛው በአንድ እጁ ጦር፣ በሌላው ጋሻና ዛብ ይዟል። በዚያች ሰዓት ፈረሱ ካላመነው ሁለቱም ያልቃሉ። ስለዚህ ፈረሱ የጌታውን ስም እኩል ቢካፈል ተገቢ ነበር።

አመኔታው የሚገነባበት ትምህርት ቤት ደግሞ ጉግስ ነው። ዛሬ ጉግስን የምናውቀው የበዓል ድምቀት ሆኖ ነው። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሸሺው ወደኋላ ዞሮ የሚወረወርበትን ዘንግ በጋሻው ይመክታል። በፈረሱ ዓይን ሲታይ ግን ጉግስ ከዚህ ይልቃል። ለፈረስ ትልቁ ፍርሃት ከኋላው የሚመጣ አሳዳጅ ነው። ጉግስ ያንን ፍርሃት ወስዶ ጨዋታ ያደርገዋል፦ ዛሬ ትሳደዳለህ፣ ነገ ታሳድዳለህ፣ ማታ ከጓዶችህ ጋር ሣርህን ትበላለህ። ደጋግሞ ያለፈበት ፈረስ ከኋላው ኮቴ ሲሰማ አእምሮውን አይስትም፤ የጌታውን ጉልበትና የሰውነት ዝንባሌ ያዳምጣል።

የጦሩ ግልቢያም በመንጋ ጠባይ ላይ የቆመ ነበር። አንድን ፈረስ ብቻውን ወደ አደጋ መንዳት ከባድ ነው። መቶ ፈረስ አብሮ ሲነሳ ግን መቶ አንደኛው ወደኋላ መቅረትን ይፈራል፤ ከመንጋ መነጠል ለፈረስ ከጦር የባሰ ነውና። ጎጃም ይህንን በገዛ ቁስሏ ታውቀዋለች። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ሲገጥሙ ውጊያውን ያጋደለው የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው ይባላል፤ የጎጃሙ ንጉሥም ቆስለው ተማረኩ። ከ14 ዓመት በኋላ ግን እኚሁ ንጉሥ የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። የሚሸሸውን የጣሊያን ጦር እግር በእግር ያሳደደውም ፈረሰኛ ነበር። ይህን ታሪክ ከስም አልፎ በተግባር የያዘው ጎረቤታችን አዊ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ይዞ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይወጣል። ማኅበሩ ፈረስን ከነክብሩ አቆይቶታል።

ወደ መንጋው እንመለስ። ባለቤት የሌለው የፈረስ መንጋ ምን እንደሚመስል ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በቁንዱዶ ተራራ አናት ላይ ከሰው እጅ ወጥተው በዱር የሚኖሩ ጥቂት ፈረሶች ነበሩን፤ ቁጥራቸው መመናመኑ አሳሳቢ ነው። በዱር የሚኖር ፈረስ በቤተሰብ ይኖራል። ብዙ ጊዜ አንድ ድንጉላ፣ ጥቂት ባዝራዎችና ውርንጭላዎች ናቸው። ወጣት ወንዶች ሲጎረምሱ ወጥተው የራሳቸውን ቡድን ያበጃሉ። ብዙዎቻችን መንጋው በድንጉላው ጉልበት የሚመራ ይመስለናል። እውነታው ሌላ ነው። ወደ ውኃ ወይም ወደ ግጦሽ የሚደረገውን ጉዞ ልምድ ያላት ባዝራም፣ ሌላም አባል ሊጀምረው ይችላል፤ ሌሎቹ የሚከተሉት ስለሚያምኑት ነው። ድንጉላው አዘውትሮ ከኋላ ነው።

የእንቅልፋቸው ነገር ደግሞ ያስገርማል። ፈረስ ቆሞ ማንቀላፋት ይችላል፤ ጥልቁን እንቅልፍ የሚያገኘው ግን ተኝቶ ነው። ለመተኛት ደግሞ ነቅቶ የሚጠብቅለት ጓድ ይፈልጋል። አሁን ጅብ በሚጮህበት ከተማ፣ ብቻውን ግንብ ሥር ታስሮ የሚያድረውን የጋሪ ፈረስ አስቡት። ማን ይጠብቅለታል? ጠዋት ሲደነብር «ክፉ ፈረስ» እንለዋለን። ክፉ ሳይሆን እንቅልፍ ያጣ ፈረስ ሊሆን ይችላል።

አባቶቻችንን ግን መላእክት አላደርጋቸውም። የአገራችን ልጓም ከባድ ነው፤ መንጋጋን የሚዞር ቀለበት አለው፣ በጨካኝ እጅ አፍ ይሰብራል። አለንጋውም አልቦዘነም። ማዕረጉ ለባልደራስ፣ ስሙ ለጌታው ሲሰጥ፣ ፈረሱን ከውርንጭላነቱ ያሳደገው፣ ሣር ያጨደለትና ጋማውን ያበጠረለት ሎሌ ስሙ የትም አልተጻፈም። እውቀቱ ግን የነበረው እሱ ዘንድ ነው። ሎሌው ሲጠፋ እውቀቱም አብሮ የጠፋው ለዚህ ነው፤ ማንም አልጻፈውም።

ሌሎች ጽፈውታል። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት የግሪኩ ወታደርና ጸሐፊ ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስን በቁጣ አትቅረቡት ብሎ መክሯል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሐንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ያሰላል ተብሎ ጉድ ተባለ፤ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ምስጢሩን አወጣው። ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ በጠያቂው ፊትና ትከሻ ላይ የሚታየውን ቅንጣት እንቅስቃሴ ያነብ ነበር። ጠያቂው ራሱ እንኳ መንቀሳቀሱን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ፈረስ የተቆጣን ሰው ፊት በፎቶግራፍ እንኳ ሲያይ የልብ ምቱ ቶሎ እንደሚጨምር አሳዩ።

ይህ ለባለጋሪው ምን ማለት ነው? ፈረስህ ቀኑን ሙሉ ያነብብሃል ማለት ነው። ተቆጥተህ ስትቀርበው፣ ገና አለንጋውን ሳታነሳ ገብቶታል።

ከመንጋው የምንማረው በጣም ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ፈረስ ዙሪያውን ያያል፣ ከአፍንጫው ሥርና ከጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም፤ ስለዚህ በጎን፣ ወደ ትከሻው፣ ድምፅ እያሰማን እንቅረበው። ፈረሶች ሲዋደዱ አንገትና ጀርባ በሚገናኙበት፣ በጋማው ግርጌ፣ እርስ በርስ ይተካከካሉ። እዚያ ቦታ ሲታከክ የልብ ምቱ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከመጫናችን በፊት እዚያ በጣት ማከክ ደቂቃ አይፈጅም። በመንጋ ውስጥ አንዱ ሌላውን ጆሮውን አጥፎ ሲገፋው፣ የተገፋው ፈቀቅ ባለበት ቅጽበት ጫናው ያቆማል። እኛ ግን ፈረሱ ከሄደ በኋላም መምታት እንቀጥላለን። እየሄደም ከተመታ፣ መሄድ ምን ጥቅም አለው? የሚማረው ተስፋ መቁረጥን ብቻ ነው። ሲታዘዝ ዛቡን ላላ ማድረግ፣ ከሁሉም አለንጋ ይበልጣል። ማታ ደግሞ ሁለት ሦስት ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን በአንድ ግቢ ቢያሳድሩ፣ ፈረሶቹ ተራ በተራ ይተኛሉ።

ይህ ልስላሴ አይደለም። ያመነ ፈረስ አይደነብርም፤ ያልደነበረ ፈረስ ጋሪ አይገለብጥም፤ ያልተገለበጠ ጋሪ የአንድ ቤተሰብ እራት ነው።

ከግለሰብ አልፎ የሚሠራም አለ። የወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች ስለ በሬና ስለ ወተት ላም የሚሰጡትን ምክር ያህል ለጋማ ከብትም ይስጡ። የጋሪ ማኅበራት አንድ ፈረስ የሚጎትተውን የጭነት ልክ ራሳቸው ይወስኑ፤ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ እስኪድን እንዳይጠመድ ይስማሙ። ያረጀ ፈረስ አስፋልት ዳር ተጥሎ የጅብ ራት የሚሆንበትን ነውር ሽማግሌዎቻችን ነውር ይበሉት። ፈረስ ማሠልጠን የሚያውቁ አረጋውያን በጮቄ ሥር ዛሬም አሉ። አንድ ተማሪ ስልኩን ይዞ ሄዶ የሚያውቁትን ቢቀዳ፣ ያ ስሙ ያልተጻፈው ሎሌ ትንሽ ተካሰ ማለት ነው።

«ፈረሱ የጠፋበት ኮርቻ ገልቦ ያያል» ይባላል። እኛም ስለ ክብራችን ስናወራ የምንገልበው ኮርቻውን ነው፤ ስም፣ ሐውልት፣ ፉከራ። ፈረሱ ግን አልጠፋም። ከቤታችን ደጅ ጋሪ ተጭኖበት ቆሟል፤ ጆሮውን ወደኛ አዙሮ፣ ዛሬ በምን ፊት እንደምንመጣ ያያል።