«ገና»፦ የአንድ ቃል ታሪክና የመዝገበ ቃላት አያያዝ

በአማርኛ ጽሕፈት «በገና» የሚለው ቃል ብቻውን ሲታይ የአውታር መሣሪያውን ይሁን የበዓሉን ወቅት የሚያመለክት ከፊደሉ አይታወቅም። «ገና» ሲባልም «እስካሁን» ለማለት ይሁን በዓሉን ለመጥራት በድምፅ ካልሆነ አይለይም፤ የበዓሉ ስም «ና»ን አጥብቆ ሲነበብ የቀሩት ያላላሉ። ተርጓሚዎችና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ደጋግመው የሚያጋጥማቸው ችግር ስለሆነ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ የቃሉን ታሪክ በቅደም ተከተል ለመመልከት እንሞክራለን።

«ልደት» «ወለደ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው። «ገና» ግን ልደት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ በፍቺ አንድ የሆኑ ሁለት ቃላት በአንድ ቋንቋ ውስጥ ጎን ለጎን ቆይተዋል ማለት ነው። ስንክሳር ቦታ ለይቶላቸዋል፤ ታኅሣሥ 28 «በዓለ ገና» ሲባል ታኅሣሥ 29 የልደት ቀን ነው። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን ስለሚቈጠር፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ልደት በ28 ይውላል። ሕዝቡ ግን በንግግሩ ሁለቱን ስሞች ለአንዱ በዓል ይጠቀምባቸዋል።

ቃሉ በዚህ ሳይወሰን ወደ ሜዳ ወጥቷል። በበዓሉ ወራት በቆልማማ በትር የሚደረገው ጨዋታም «ገና» ተብሏል፤ እረኞች የልደቱን ዜና ሰምተው በበትራቸው የተጫወቱት ነው የሚል ትውፊትም አለ። ኳሱ «ሩር» ወይም «ጥንግ» ይባላል። በጨዋታው ላይ ጌታ በሎሌው መቈጣት እንደማይገባው የሚናገረው ብሂል የታወቀ ነው፤ በሌላ ጊዜ የማይደፈረው የዚያን ዕለት በጨዋታና በግጥም ይደፈራል። ቡድን ቡድንን እየነቀፈ የሚያወርደው ግጥም የዚሁ ፈቃድ ፍሬ ነው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ከውጭ የመጡ ልማዶች በዚሁ ቃል ስም ወጥቶላቸዋል። ከጀርመን አገር የተስፋፋው ዛፍ «የገና ዛፍ»፣ ስጦታ አዳዩ ሽማግሌ «የገና አባት» ተብለዋል። እነዚህ ያለ ችግር ተለምደዋል። የሚያሳስበን የዜማው ስያሜ ነው። የእንግሊዝኛው «ካሮል» ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን ቀድሞ ክብ ሠርተው እየዘፈኑ የሚጨፍሩትን ጭፈራ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1818 በኦስትሪያ፣ በኦበርንዶርፍ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውን «ሽቲለ ናኽት» «መዝሙር» ብንለው ተገቢ ነው። የጭፈራውን ዜማ ግን «መዝሙር» ስንል ግማሹ ትርጉም ይጠፋል። በእኛም ዘንድ በላሊበላ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናት የሚያሸበሽቡበት «ቤዛ ኵሉ» እና በሜዳ የሚወርደው የገና ግጥም በአንድ ስም ሊጠሩ አይችሉም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የበዓሉ «ገና» ከተውሳከ ግሱ ተለይቶ ራሱን የቻለ መደብ ይሰጠው፤ የጥብቀት ምልክትም ይደረግበት። ሁለተኛ፣ በሥሩ በዓሉ፣ ጨዋታውና ዘመን ያመጣቸው ጥምር ስሞች በታሪካቸው ተራ ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ ተርጓሚው «ማሕሌት»፣ «መዝሙር» እና «ዘፈን» የሚሉትን እንደ አገባባቸው ይምረጥ።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን የጨዋታው ቃላት ነው። «የገና ዛፍ» በየሱቁና በየጋዜጣው ስለሚጻፍ አይጠፋም። የጨዋታው ደንብ፣ የተጫዋቾቹና የምቱ ስያሜ፣ እንዲሁም የግጥሙ ስልት የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በሜዳው ባደጉ አረጋውያን አንደበት ነው። እነርሱን ሳንጠይቅ ከቀረን ለነገ መዝገበ ቃላት የምናስተላልፈው «ገና» ዛፍና ሽማግሌ ብቻ ያለው ይሆናል፤ ሩሩን ማን እንደመታው የሚያስረዳ ቃል አይገኝበትም።