«ኻላ»፡- ደረቅ ቼክ፣ የታሸገ ውኃና የተነጠቀ መሬት

«ኻላ» ሴኔጋላዊው ደራሲና የፊልም ዳይሬክተር ኡስማን ሴምቤን የራሱን ልቦለድ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1975 ለዕይታ ያበቃው ኮሜዲ ነው፡፡ ቃሉ በወሎፍ ቋንቋ ወንድነትን የሚያስር ድግምት ማለት ነው፡፡ የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ላነበበ ሰው በመደብ ላይ መቀለድ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ የሴምቤን ቀልድ ግን መራራ ነው፤ በተለይ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ ለሚኖር ተመልካች ነገሩ ከቤቱ ደጅ የራቀ አይመስለውም፡፡

ታሪኩ የሚጀምረው የአገሬው ነጋዴዎች የንግድ ምክር ቤቱን ከፈረንሳዮች ሲረከቡ ነው፡፡ ፈረንሳዮቹ ወዲያው ብር የታጨቀባቸው ቦርሳዎች ይዘው ይመለሳሉ፡፡ ከአዲሶቹ ባለሀብቶች አንዱ ኤል ሃጂ ሦስተኛ ሚስቱን ያገባል፤ በሠርጉ ሌሊት ግን ኻላ ይይዘዋል፡፡ ከአዋቂ ቤት አዋቂ ቤት ሲንከራተት አንዱ ይፈውሰዋል፡፡ ይሁን እንጂ የከፈለው በደረቅ ቼክ ነበርና አዋቂው ድግምቱን መልሶ ይልክበታል! (የባንክ ሠራተኞች ይህን ክፍል ሳይወዱት አይቀሩም፡፡)

ኤል ሃጂ የሚጠጣው ከፈረንሳይ የመጣ ኤቪያን ውኃ ነው፤ የመርሴዲሱ ራዲያተርም የሚሞላው በዚሁ ነው፡፡ ልጁ ራማ ይህን ውኃ አልጠጣም ትለዋለች፡፡ ውኃ ታሽጎ በሚወጣባት ሱሉልታ ጀሪካን ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው ትዕይንቱን በደንብ ይረዳዋል፡፡

ሰውየው ቢሮው ደጅ የሚቀመጡትን ለማኞች በፖሊስ አስጭኖ ከከተማ ውጭ ያስጥላቸዋል፡፡ እነርሱም መሬት ለመሬት እየተጎተቱ ይመለሳሉ፡፡ የድግምቱ ምንጭ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው፡፡ ያሠራበት ዓይነ ስውሩ ለማኝ ነው፤ ኤል ሃጂ ቀደም ሲል የዘመዶቹን መሬት በማጭበርበር ነጥቆ እሱን አሳስሮት ኖሯል፡፡

በእኛም አገር የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ ያስነሳው በዚሁ በመሬት ጉዳይ ነበር፤ ዕቅዱ በ2008 ተሰረዘ፡፡ ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፡፡ ካሳ ተቀብሎ የተነሣ ገበሬ በቀድሞ ማሳው ላይ በተሠራ ግቢ ዘበኛ ሆኖ መቀጠሩ ሴምቤን ያላሰበው፣ ቢያስብ ግን የማያልፈው ቀልድ ነው፡፡

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መሃሉ ጥቂት ይንዛዛል፡፡ በሴኔጋል የታየው በሳንሱር ተቆራርጦ ነው፡፡ የመጨረሻው ትዕይንት ብቻውን ግን ሙሉውን ለማየት ያበቃል፡- ፈውሱ ለማኞቹ በየተራ እንዲተፉበት ነውና፣ ኤል ሃጂ በቤተሰቡ ፊት ራቁቱን ይቆምላቸዋል፡፡