ቄብ ዶሮዎች ሲመሽ ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ማስለመድ

በደብረ ብርሃን ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ከአከፋፋይ ዶሮ የሚገዛ ሰው ወደ ግቢው የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ የ45 ቀን ቄቦችን ነው። ቄቦቹ በሳጥን ተጭነው ይመጣሉ፣ በማግስቱ ግቢ ውስጥ ይለቀቃሉ፤ ሲመሽ ግን ወዴት እንደሚገቡ አያውቁም። አንዳንዶቹ አጥር ሥር ተጠጋግተው ያድራሉ፣ ሌሎቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ሲነጋ ላባ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ በሸለምጥማጥ ይሳበባል፤ ይሁን እንጂ ቄቦቹ ውጭ ያደሩት ቤታቸውን ያስተማራቸው ስላልነበረ ነው።

በአገሬው ልማድ ይህ ትምህርት የእናት ዶሮ ሥራ ነበር። ጫጩቶች ቀን እየተከተሏት ይውላሉ፣ ማታ በክንፏ ሥር ተሸጉጠው ያድራሉ፤ ጠንከር ሲሉም እሷን እያዩ ቆጥ መውጣት ይለምዳሉ። በደጋው ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በቤቱ ጥግ በተሠራ ቆጥ ላይ ማደሯም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የምድጃው ሙቀት ይደርሳታል፣ በሩም ለሁሉም በአንድነት ይዘጋል። በመፈልፈያ ማሽን ተፈልፍሎ በአምፖል ሙቀት ያደገ ቄብ ግን እናትም ቆጥም አይቶ አያውቅም። በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ስላደረገ፣ እንዲህ ያሉ እናት አልባ ቄቦችን የሚረከቡ ቤተሰቦች በርክተዋል። ስለዚህ የእናትየው ሥራ ወደ አርቢው ተላልፏል ማለት ይቻላል።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ምክንያቱም የዶሮ ተፈጥሮ ያግዛል። የቤት ዶሮ ዋና የዘር ምንጭ የእስያ ቀይ የዱር ዶሮ ነው፤ ይህ ወፍ ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያሳልፋል። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ ብርሃን መቀነስ ሲጀምር ከፍ ያለና የምታውቀውን ቦታ ትፈልጋለች። በሰሜን ሸዋ ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ትጠልቃለች፤ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት በታች በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ በአንድ የማታ ሰዓት መሥራት ይቻላል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አንኮበር ግን የገደሉ ጉም ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ቀኑ ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ቀደም ማለት ይበጃል።

ቄቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ቤቱ መዘጋጀት አለበት። ከባሕር ዛፍ የተጠረበ፣ ጠርዙ የለዘበና ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቆጥ ተስማሚ ነው። ለአንድ ያደገች ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይታሰባል፤ ለአሥር ዶሮ 2 ሜትር ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ቆጡ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ወለሉ ላይ ደረቅ የገብስ ገለባ በወፍራሙ ይነጠፋል። የልጅ ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፤ ሸለምጥማጥ ቀጭንና ተጣጣፊ ነው፣ መውጣትም ያውቅበታል።

ዋናው ትምህርት የሚሰጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቄቦቹ ለሰባት ቀን ያህል ከቤቱ አይወጡም፤ መኖውም ውኃውም እዚያው ይቀርብላቸዋል። ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተዘግተው ሲያያቸው አዝኖ በሁለተኛው ቀን ይለቃቸዋል። ነገር ግን ቄቡ ቤቱን ቤቴ የሚለው እዚያ ተመግቦ፣ እዚያ አንቀላፍቶ፣ በዚያው ሲነጋለት ነው። በእነዚህ ቀናት ማታ 11 ሰዓት ላይ ጥቂት ገብስ በጣሳ እያንኳኩ መስጠት ያስፈልጋል። ድምፁና እህሉ በቄቡ ዘንድ አንድ ነገር ይሆናሉ። ሲጨልም ደግሞ መሬት ላይ የተኙትን አንድ በአንድ አንሥቶ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጥግ ላይ የሚደራረቡ ቄቦች ከታች ያሉትን ያፍኗቸዋልና ይህን ማድረግ የሚያድነው ነፍስ ነው።

በስምንተኛው ቀን በሩ የሚከፈተው ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ የእራታቸው ሰዓት ሊደርስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። የራባቸው ቄቦች ርቀው አይሄዱም፤ ጣሳው ሲንኳኳ ይመለሳሉ። በየቀኑ የውጭው ጊዜ እየረዘመ ሄዶ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቀኑን ሙሉ መዋል ይችላሉ። የቤቱ ውስጥ ከውጭው ቀድሞ ስለሚጨልም ቄቦች በሩ ላይ ቆመው የሚያመነቱበት ጊዜ ይኖራል። በሩ ወደ ምዕራብ ቢዞር የመጨረሻው ብርሃን ውስጡን ያሳያል፤ ካልሆነ የእጅ ባትሪ ወይም ደብዛዛ አምፖል እስኪገቡ ድረስ ማብራት በቂ ነው። ኩራዝና ፋኖስ ገለባ ባለበት ቤት መግባት የለባቸውም። በዱላ ማባረርም ክፉ ነው፤ የተባረረች ቄብ ከቤቱ ጋር የምታያይዘው ፍርሃትን ነው። ውጭ የቀረች ካለች ሲጨልም ባለችበት ትፈዛለችና በቀስታ አንሥቶ ማስገባት ይቀላል።

በደጋው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከአውሬ ባሻገር ለብርድም ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሌሊቶች በደብረ ብርሃን ሜዳ ውርጭ ይጥላል። የ45 ቀን ቄብ ላባዋ ቢሸፍናትም ብርዱን የምትችለው ደረቅና ከነፋስ የተከለለ ቦታ ካገኘች ነው። ሆኖም ብርድን ፈርቶ ቤቱን መድፈን ሌላ ጉዳት ያመጣል። ከኩሱ የሚወጣው ሽታ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ጠባብ መተንፈሻ መተው ይገባል። ከአንኮበር ወርዶ ወደ ዓልዩ አምባ ሲኬድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በሞቃቱ አገር የታፈነ ቤት ዶሮን ወደ ዛፍ ይሰዳታል።

ለምደው የነበሩ ዶሮዎች ድንገት አንገባም ካሉ መመርመር ያለበት ቤቱ ነው። ቅንቅን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቆ ሌሊት ደም ይመጣል። ሌሊት በባትሪ ቆጡን ማየት፣ ከተገኘም ገለባውን አውጥቶ ማቃጠል፣ ስንጥቁን በፈላ ውኃ ማጠብና ግድግዳውን ኖራ መቀባት ያስፈልጋል። የቤቱን ቦታ መቀየርም ያደናግራቸዋል፤ ዶሮ የምታስታውሰው ቦታውን ስለሆነ ቤቱ ሲዛወር የአንድ ሳምንቱ መዘጋት እንደገና ይጀመራል።

ቤቱን የምታውቅ አሮጊት ዶሮ ካለች መሪ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን አዲሶቹ ሁለት ሳምንት ለብቻቸው ሳይቆዩ መቀላቀል የለባቸውም፤ ፈንግል በአንድ ታማሚ ዶሮ ገብቶ የመንደሩን ዶሮ ሊጨርስ ይችላል። የማታው ሥርዓት ለዚህም ይጠቅማል። በቆጥ ላይ ያረፉ ዶሮዎች ስለማይሸሹ ይቆጠራሉ፣ የታመመችው ትለያለች፤ ክትባት የሚሰጠው ባለሙያም ሳያሯሩጥ በየዓይናቸው ይጨምርላቸዋል። ለክትባት ቀጠሮ የተያዘ ዕለት ዶሮዎቹን ሳይለቁ ማቆየት፣ ወይም ባለሙያው ማልዶ በሩ ሳይከፈት እንዲደርስ መነጋገር ነው።