ፒንያውና የዶውሮ ሸለቆ የወይን እርከኖች

በሰሜን ፖርቱጋል፣ የፒንያው ወንዝ ከታላቁ ዶውሮ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ በዚያው ወንዝ ስም የምትጠራ አነስተኛ የገጠር ከተማ ትገኛለች። ዙሪያዋን የከበቡት ተራሮች በእርከን የተደረደሩ የወይን እርሻዎች ናቸው። መንገደኛ የተፈጥሮ ውበት ነው ይል ይሆናል፤ ዳሩ ግን አፈሩ ሳይቀር የሰው እጅ ሥራ ነው።

የአገሩ አለት ሺስት ነው። ሠራተኞቹ፣ ብዙዎቹም ከስፔኗ ጋሊሺያ የመጡ፣ አለቱን እየፈለጡ ደቃቁን አፈር አደረጉት፤ ትልልቁን ደግሞ ካቡት። ካቡ ጭቃም ሆነ ስሚንቶ ስለሌለው የዝናቡ ውሃ በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል እንጂ ከኋላው ተጠራቅሞ አይገፋውም።

በኋላ የፖምባል ማርኪስ የተባለው ሚኒስትር፣ የወይን ጠጁን ስም ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1756 ኩባንያ አቋቋመና ክልሉን አስከለለ። እስከ 1761 ድረስም 335 የግራናይት የወሰን ድንጋዮች ተተከሉ።

ወሰኑ ቢጸናም መንገዱ አስጊ ነበር። በርሜሎቹ ወደ ፖርቶ የሚወርዱት ራቤሎ በሚባሉ ጀልባዎች ነበር። የወንዙን ካርታ ያነሣው ባሮን ፎሬስተር ራሱ በ1861 በቫሌይራ ጠባብ ሰጥሞ ሞተ። በ1880 የባቡር ሐዲድ ፒንያው ደረሰ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠሩት ግድቦችም ኃይለኛውን ወንዝ ወደ ተከታታይ ሐይቆች ለወጡት።

ከሁሉ የከፋው መከራ ግን በ1860ዎቹ የገባው ፊሎክሴራ የተባለ ሥር በል ነፍሳት ነው። መድኃኒቱም የአገሩን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መቀጠል ሆነ። ይሁን እንጂ ብዙ እርከን ዳግመኛ ሳይተከል ቀረ፤ የአገሩ ሰው «ሞርቶሪዮ» የሚለው ይህን በቁጥቋጦ የተዋጠ ካብ ነው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ቡልዶዘር ካብ የሌለው ሰፊ የአፈር እርከን ማውጣት ጀመረ። ትራክተር ይገባበታል፤ የሰው ጉልበትም ይቆጥባል። የቀድሞው ካብ ግን በናደ ቁጥር የሚመልሰው ግንበኛ ይሻል፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ዩኔስኮ በ2001 ክልሉን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መዝገብ ግን ድንጋይ አያነሣም። የካቢዎቹ ስም አልተጻፈም፤ ሙያቸው ወራሽ ካጣ ሥራቸውም ተከትሏቸው ይሄዳል። የቅርስ ጥበቃ የመጀመሪያ ተግባር እንግዲህ ካቡን ከማድነቅ ይልቅ ካቢውን ማሠልጠንና ለድካሙ ተገቢውን መክፈል ነው።